ጉብጠቱ ዜሮ ሲሆን ሽግግር አለ ማለት ነው? ስለ ኳርክ ቁስ ቴርሞዳይናሚክ ጂኦሜትሪ

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር። የማስተርስ ጥናቴ በቴርሞዳይናሚክ ጂኦሜትሪ የኳርክና ግሉኦን ፕላዝማን ሽግግር መፈለግ ነው። አማካሪዬ ‘የሁነት ሽግግር ያለው ጉብጠቱ ወሰን አልባ ሆኖ ሲፈነዳ ነው’ ይለኛል። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ግን የሽግግሩን ሙቀት የሚወስዱት ጉብጠቱ ዜሮ የሚሆንበት ላይ ነው። አንዱ ይፈነዳል ሲል ሌላው ይጠፋል ይላል፤ ማንን ልመን? ደግሞስ ጉብጠት ዜሮ ማለት መስተጋብር የለም ማለት አልነበረም?»

ሰላም ወንድሜ። አማካሪህም ጽሑፎቹም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ሽግግር ነው። የመጨረሻው ጥያቄህ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ መልሱን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ግን ቃላቱን እናጥራ። የኳርክና ግሉኦን ፕላዝማ የምንለው በፕሮቶንና በመሰሎቹ ውስጥ የታሰሩት ኳርኮችና አሳሪዎቻቸው ግሉኦኖች የሚለቀቁበት እጅግ የሞቀ ቁስ ነው። በዚህ ዘርፍ «ጉብጠት» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ተማሪዎች ሲያምታቷቸው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። አንዱ በሁነት ሥዕሉ (ቁሱ በየትኛው ሁኔታ ምን መልክ እንደሚይዝ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ የሽግግሩ መስመር የሚጎብጥበት መጠን ነው። የባርዮን ኬሚካል ፖቴንሺያል፣ ማለትም ባርዮኖች (እንደ ፕሮቶን ያሉ ከሦስት ኳርክ የተሠሩ ቅንጣቶች) ከፀረ ባርዮኖች ምን ያህል እንደሚበዙ የሚወስነው መጠን፣ ሲጨምር የሽግግሩ ሙቀት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ያንን አወራረድ የሚለካው ካፓ የሚባለው ቁጥር ሲሆን ከላቲስ ስሌት (ቦታንና ጊዜን እንደ ነጥቦች መረብ ወስዶ በኮምፒውተር ከሚሠራው ስሌት) የተገኘው ዋጋ 0.012 እስከ 0.015 አካባቢ ነው። በዚህ ሒሳብ ኬሚካል ፖቴንሺያሉ 300 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቢደርስ ሙቀቱ የሚወርደው ከ7 እስከ 9 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው (በዚህ ዘርፍ ሙቀትም በኃይል አሃድ ይለካል)። ይህ ካንተ ጥያቄ ጋር አይገናኝም። የአንተ ጉብጠት የሁኔታዎች «መልክዓ ምድር» ራሱ የሚጎብጥበት ነው።

ያ መልክዓ ምድር ከየት ይመጣል? ከመዋዠቅ ነው። አይንስታይን በ1910 እንዳሳየው አንድ ሥርዓት ከሚዛኑ በትንሹ የመውጣቱ ዕድል የሚወሰነው ያ መውጣት ኢንትሮፒውን ምን ያህል እንደሚቀንሰው ነው። ጆርጅ ሩፒነር በ1979 ይህን ወስዶ ርቀት አደረገው። ሁለት ሁኔታዎች በተፈጥሯዊ መዋዠቅ እርስ በርስ የሚምታቱ ከሆነ ቅርብ ናቸው፤ አንዱ በመዋዠቅ ብቻ ወደ ሌላው የመድረስ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ከሆነ ሩቅ ናቸው። ከእሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ፍራንክ ዋይንሆልድ በውስጣዊ ኃይል ላይ የተመሠረተ ተመሳሳይ ሜትሪክ (የርቀት መለኪያ) አቅርቦ ነበር። ያንተ ጽሑፎች የሚጠቀሙት ግን የሩፒነርን መንገድ ነው።

ርቀት ካለ ጉብጠት ይኖራል። እዚህ ላይ አንድ ወረቀት እጅህ ላይ ያዝ። ጠቅልለህ ቱቦ ብታደርገው ለዓይን የጎበጠ ይመስላል፤ ስትዘረጋው ግን ያለ አንዳች ጭምድ ይዘረጋል፤ ስለዚህ በውስጡ ዝርግ ነው። ያንኑ ወረቀት ብርቱካን ላይ ልታለብሰው ብትሞክር ግን መጨማደዱ ወይም መቀደዱ አይቀርም። ተራው ሃሳባዊ ጋዝ እንደ ቱቦው ነው፤ የመዋዠቁ መጠን ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሜትሪኩ ይዘረጋል፤ ጉብጠቱ ዜሮ ነው። ሞለኪውሎቹ መሳሳብ ሲጀምሩ ወረቀቱ ብርቱካኑን ያገኛል። «ጉብጠት ዜሮ ማለት መስተጋብር የለም» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ለኳርክ ቁስ ሲመጣ አይሠራምና።

አሁን አማካሪህ የሚለውን እንይ። ሩፒነር ያቀረበው ዋና ሐሳብ የጉብጠቱ መጠን ከተዛምዶ ርዝመት ሦስተኛ ኃይል ጋር እኩል ይሄዳል የሚል ነው። የተዛምዶ ርዝመት ማለት እዚህ ያለ ቅንጣት እስከ የት ካለው ጋር «አብሮ እንደሚዋዥቅ» የሚነግር ርቀት ነው። የጉብጠቱ አሃድ ይዘት የሆነውም ለዚህ ነው። ቶማስ አንድሩስ በ1869 የገለጸው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙከራ ጥሩ ማሳያ ነው። ጋዙን በትክክለኛው ግፊት 31 ዲግሪ ሴልሺየስ አጠገብ ስታደርሰው በፈሳሹና በጋዙ መካከል ያለው ድንበር ይደበዝዛል፤ ጥርት ያለው ነገር ወተት የመሰለ ጉም ይለብሳል። ጉሙን የፈጠረው የእፍጋቱ መዋዠቅ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር እኩል እስኪሆን መስፋቱ ነው። ወሳኝ ነጥብ በሚባለው በዚያ ነጥብ ላይ የተዛምዶ ርዝመት ወሰን ያጣል፤ ጉብጠቱም አብሮ ይፈነዳል። ስለዚህ ወሳኝ ነጥብን ለሚፈልግ ሰው የአማካሪህ መመሪያ ትክክለኛው ነው።

ችግሩ የኳርክ ቁስ በላቲስ ስሌት በደንብ በሚታወቅበት አካባቢ ወሳኝ ነጥብ አለመኖሩ ነው። ባርዮንና ፀረ ባርዮን እኩል ሲሆኑ፣ ማለትም ኬሚካል ፖቴንሺያሉ ዜሮ ሲሆን፣ ከሃድሮን (ኳርኮች ታስረው ከሚኖሩባቸው ቅንጣቶች) ወደ ኳርክና ግሉኦን የሚደረገው ለውጥ ለስላሳ ነው። በእንግሊዝኛው ክሮስኦቨር የምንለው ነው፤ ይህም በ2006 በላቲስ ስሌት በጠንካራ ማስረጃ ተረጋግጧል። የሽግግሩ ሙቀት 156.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ በኬልቪን ስናስበው 1.8 ትሪሊዮን ይሆናል፤ ከፀሐይ እምብርት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሞቀ ማለት ነው። በዚህ ሙቀት ምንም አይፈነዳም። ቅቤ ቀስ እያለ እንደሚለሰልስ አስበው፤ በየትኛው ዲግሪ «ቀለጠ» እንደምትል የሚወሰነው በመረጥከው መለኪያ ነው። የካይራል ምላሹን (ቁሱ ለኳርክ ክብደት ለውጥ የሚሰጠውን ምላሽ) ጫፍ የወሰደ ሰው አንድ ቁጥር ያገኛል፤ የኃይል እፍጋቱን መታጠፊያ የወሰደ ሌላ ቁጥር ያገኛል፤ ሁለቱም ስህተት አይደሉም።

እንግዲህ ፍንዳታ በሌለበት ከጉብጠቱ ላይ ምን ይነበባል? ፓኦሎ ካስቶሪና፣ ማሪዮ ኢምብሮሺያኖና ዳኒኤሌ ላንቴሪ በ2018 ባወጡት ሥራ ያቀረቡት መስፈርት ጉብጠቱ ምልክት የሚቀይርበትን፣ ማለትም በዜሮ የሚያልፍበትን ሙቀት መውሰድ ነው። ከላቲስ ቁጥሮች ተነስተው ያገኙት ሙቀት ከሌሎቹ የላቲስ ግምቶችና በከባድ አይዮን ግጭቶች ውስጥ የቅንጣቶች ብዛት ከሚረጋበት ሙቀት ጋር ጥሩ ስምምነት አለው።

ለምን ግን ዜሮ? እዚህ ላይ ቀመሩን በእጅ መሥራት የሚክስ ስለሆነ አብረን እንሥራው። ግፊትን ለሙቀት አካፍለው፤ ያንን «ፋይ» እንበለው። ሁለቱ መጋጠሚያዎች ደግሞ የሙቀት ግልባጭ የሆነው ቤታ፣ እና ኬሚካል ፖቴንሺያሉን ለሙቀት አካፍለህ ምልክቱን ስትገለብጥ የምታገኘው ጋማ ናቸው። ሜትሪኩ የፋይ ሁለተኛ ዴሪቬቲቮች ማትሪክስ ነው። በቤታ ሁለቴ ስትወስድ የኃይል መዋዠቅን ታገኛለህ፤ በጋማ ሁለቴ ስትወስድ የባርዮን ቁጥር መዋዠቅን። ጉብጠቱ የሚፈልገው ከዚህ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ፣ ማለትም ሦስተኛ ዴሪቬቲቮችን ነው፤ አራተኛዎቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

አሁን ኬሚካል ፖቴንሺያሉን ዜሮ አድርግ። ባርዮንና ፀረ ባርዮን እኩል ስለሆኑ በጋማ ጎዶሎ ጊዜ የተወሰደ ዴሪቬቲቭ ሁሉ ይሞታል። ጉብጠቱ የሚሰላው እነዚህ ዴሪቬቲቮች ከተደረደሩበት ሦስት በሦስት ዲተርሚናንት ነው፤ ከዘጠኙ ቦታዎቹ አራቱ ባዶ ይሆኑና ሁለት ቁራጮች ተባዝተው ይቀራሉ። አንደኛው የባርዮን መዋዠቁ ከሙቀት ጋር የሚቀየርበት መጠን ነው፤ እሱ ዜሮ አይሆንም፤ መዋዠቁ ከሙቀት ጋር ያድጋልና። ሁለተኛው ቁራጭ የሁለቱን መዋዠቆች አንጻራዊ ዕድገት ያወዳድራል። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ጉብጠቱ ዜሮ የሚሆነው የኃይል መዋዠቁና የባርዮን መዋዠቁ ሙቀት ሲጨምር በመቶኛ ሲሰላ እኩል ሲያድጉ ብቻ ነው። ለእኔ ይህን በወረቀት ላይ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ የበራልኝ። ብዙ ጽሑፍ በረቀቀ ቋንቋ የሚሸፍነው ነገር በዚህች መስመር ላይ የሁለት ዕድገቶች እሽቅድምድም ነው።

እሽቅድምድሙን በቁጥር ተከተለው። በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ኳርኮቹ ክብደት እንደሌላቸው ነጻ ቅንጣቶች ይሆናሉ ብለን እንነሳ። ያኔ ሙቀቱ 1 በመቶ ሲጨምር የኃይል መዋዠቁ 5 በመቶ፣ የባርዮን መዋዠቁ 3 በመቶ ያድጋል፤ ኃይል ይመራል። ወደ ታች ውረድና 70 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ቁም። እዚያ ቀላሉ ባርዮን ኒውክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) ነው፤ ክብደቱ ከሙቀቱ ከ13 እጥፍ በላይ ስለሆነ ብዛቱ ለሙቀት እጅግ ስሱ ነው፤ 1 በመቶ የሙቀት ጭማሪ የባርዮኑን መዋዠቅ ወደ 15 በመቶ ያሳድገዋል። የኃይሉ መዋዠቅ በዋናነት የተሸከመው በቀላሎቹ ሜሶኖች (የኳርክና ፀረ ኳርክ ጥንዶች)፣ በፓዮኖች፣ ስለሆነ ዕድገቱ ከዚያ ግማሽ ገደማ ነው። እዚህ ባርዮን ይመራል። ከታች አንዱ፣ ከላይ ሌላው የሚመራ ከሆነ በመካከል ቢያንስ አንድ ቦታ እኩል መሆናቸው ግድ ነው።

ይህ ትንሽ ክርክር ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ሁለቱንም በጥናትህ ላይ በግልጽ እንድትጽፋቸው እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው፣ የዜሮው መኖር ብቻውን የሽግግር ማስረጃ አይደለም። ከባድ ባርዮንና ቀላል ሜሶን ያለው፣ ከላይ ደግሞ ወደ ነጻ ቅንጣቶች የሚሄድ ማንኛውም ቁስ የሆነ ቦታ ላይ ዜሮ ይኖረዋል። ይህን የሚያጠናክረው እነዚያው ሦስት ተመራማሪዎች ያገኙት ነው፤ የሃድሮን ጋዝ ሞዴልን ብቻውን ሲጠቀሙም ዜሮ አግኝተዋል፤ ከላቲሱ በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ባለ ሙቀት ላይ። በዚያ ሞዴል ውስጥ ግን ኳርክ የሚባል ነገር የለም፤ የሚፈታም የሚለቀቅም የለም። እነሱ ልዩነቱን ከሽግግሩ በላይም የእስሩ ቅሪት እንዳለ ምልክት አድርገው ያነቡታል። የሃድሮን ጋዙ ቁጥር በሞዴሉ ዝርዝር ላይ እንደሚመረኮዝ ራሳቸው ስለጠቀሱ፣ እኔ በዚያ ንባብ ላይ ብዙ ክብደት አልጭንም። ትልቁ ነገር ዜሮው የወደቀበት ቦታ ነው። የላቲሱ ዜሮ ሌሎች መለኪያዎች ሽግግሩ አለ ከሚሉበት አጠገብ መውደቁ በራሱ የሚገኝ አልነበረም፤ ዋጋ ያለው ውጤት ይህ ነው።

ሁለተኛው የመጨረሻ ጥያቄህን ይመልሳል። በ156 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው ቁስ በብርቱ መስተጋብር የተያያዘ ነው፤ ጉብጠቱ ዜሮ ስለሆነ መስተጋብር የለም ማለት አንችልም። በተቃራኒው ደግሞ ፍጹም ነጻ የሆነው፣ ክብደት የለሽ የኳርክ ጋዝ ጉብጠቱ ዜሮ አይደለም። ራስህ አረጋግጠው፦ ግፊቱ የሙቀት አራተኛ ኃይል ሲደመር ሙቀት ካሬ በኬሚካል ፖቴንሺያል ካሬ ይሁን፤ ሁለቱም ቋሚ ማባዣ ይኑራቸው። ዲተርሚናንቱን አውጣ። የባርዮኑ ማባዣ ተሰርዞ ይጠፋና የጉብጠቱ መጠን ልክ አንድ ለኢንትሮፒ እፍጋት ሆኖ ይቀራል። አንድ አሃድ ኢንትሮፒ የሚይዘው ይዘት ማለት ነው። እንዲህ ንጹሕ መልስ ሲወጣ ደስ ይላል። «ዜሮ ማለት መስተጋብር የለም» የሚለው ለቋሚ ቅንጣት ቁጥር ላለው ተራ ጋዝ የተባለ ነው፤ ቅንጣትና ፀረ ቅንጣት እንደልብ በሚፈጠሩበት ቁስ ላይ ሳይመረመር መጫን የለበትም። የምልክቱ ለውጥ የመሳሳብና የመገፋፋት ሚዛን መገልበጥ ነው የሚለውም ትርጓሜ እንዲሁ በጥንቃቄ ይያዝ። አንዱ ጽሑፍ አሉታዊ ያለውን ሌላው አዎንታዊ ይለዋል፤ ስለዚህ የመረጥከውን የምልክት ስምምነት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍ።

አሁን ከሁሉ ወደሚያደክመው፣ ወደ ቁጥሩ። የላቲስ ስሌት ባርዮን ሲበዛ የምልክት ችግር ይገጥመዋል። የኳርኮቹ ዲተርሚናንት ውስብስብ ቁጥር ስለሚሆን እንደ ዕድል ክብደት ሊቆጠር አይችልም፤ በዕድል ናሙና የሚሠራው የሞንቴ ካርሎ ዘዴም ይሰናከላል። ስለዚህ የምንሠራው ኬሚካል ፖቴንሺያሉ ዜሮ ከሆነበት ተነስተን በቴይለር ዝርዝር ወደ ጎን በመራመድ ነው። ለመነሻው መስመር የሚያስፈልግህ ግፊቱና ሁለተኛው ኮኤፊሸንት ብቻ ነው፤ ወደ ጎን ስትሄድ አራተኛው ይጨመራል፤ ስህተቱም አብሮ ይሰፋል።

ሦስተኛ ዴሪቬቲቭ መረጃን ያለ ምሕረት ይፈትናል። እኔ መጀመሪያ ስሠራው ከታተመ ሠንጠረዥ ላይ ነጥቦቹን ለቅሜ በስፕላይን (ነጥቦችን በቁርጥራጭ ለስላሳ ኩርባዎች በሚያያይዝ ዘዴ) አገናኘኋቸው። ግፊቱ ለዓይን እንከን የለሽ ኩርባ ነበር። ጉብጠቱን ስስል ግን ከ140 እስከ 180 ባለው መካከል አራት ዜሮ ወጣ። ለሳምንት ያህል አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የነጥቦቹን ክፍተት ስቀይር ዜሮዎቹም ቦታ ቀየሩ፤ አንዱ ብቻ ሳይነቃነቅ ቀረ። ሦስቱ የስፕላይኑ ማገናኛዎች የወለዷቸው ነበሩ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ትተህ ሆትኪውሲዲ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን በ2014 ከ130 እስከ 400 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላለው ክልል ያቀረበውን የግፊት ቀመር ውሰድ፤ እሱን በወረቀት ዴሪቬቲቭ ውሰድለት። ለባርዮን መዋዠቁም ጥቂት መለኪያ ያለው ለስላሳ ቀመር ግጠም። ከዚያ መረጃውን በስህተቱ ስፋት ውስጥ ብዙ ጊዜ እያወዛወዝክ ዜሮው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ቁጠር። ያ ስፋት ያልተጻፈበት የሽግግር ሙቀት ለአንባቢ አይጠቅምም።

የአማካሪህን ፍንዳታ መፈለግ ከፈለግክ ደግሞ መንገዱ የኳርኮችን መስተጋብር አቅልለው በሚወክሉ ሞዴሎች በኩል ነው። በናምቡና ዮና ላሲኒዮ ሞዴልም በኳርክና ሜሶን ሞዴልም ጉብጠቱ ተሰልቷል። በትንሽ ኬሚካል ፖቴንሺያል ዝቅ ያለ ጉብታ ይታያል፤ ወደ ወሳኙ ነጥብ ስትቀርብ ጉብታው እየሾለ ይሄድና ነጥቡ ላይ ይፈነዳል። ሁለቱን አባባሎች በአንድ ሥዕል ላይ የምታገናኘው እዚህ ነው። ነጥቡ በተፈጥሮ የት እንዳለ ግን ሞዴሎቹ አይስማሙም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተለያዩ ስሌቶች ወደ 100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሙቀትና ወደ 600 ኬሚካል ፖቴንሺያል አካባቢ ይጠቁማሉ፤ በሙከራ ግን ገና አልተረጋገጠም። በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ የስታር ቡድን ከ2010 ጀምሮ የወርቅ ኒውክሊየሶችን የግጭት ኃይል ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ የተጣራውን ፕሮቶን ቁጥር መዋዠቅ የለካው ለዚህ ፍለጋ ነው። የሚለኩት ሦስተኛና አራተኛ ኩሙላንቶችን (የመዋዠቁን ቅርጽ የሚገልጹ ቁጥሮችን) ነው፤ በጋማ ሦስቴ የተወሰደው ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ጉብጠትህ ውስጥ ያለው አንዱ አካል፣ ከሦስተኛው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን የግጭቱ እሳት ዕድሜ እጅግ አጭር ስለሆነ የተዛምዶ ርዝመቱ ከ2 ወይም 3 ፌምቶ ሜትር በላይ ለማደግ ጊዜ አያገኝም ተብሎ ይገመታል። ፍንዳታውን በሙሉ መልኩ በላቦራቶሪ አናይም፤ ጥላውን ነው የምናየው።

እንግዲህ ኮድህን ከላቲሱ በፊት በነጻው ጋዝ ላይ አስኪደው። ጉብጠቱን በኢንትሮፒ እፍጋቱ ስታባዛ በየትኛውም ሙቀት መጠኑ 1 መውጣት አለበት። 1 ካልወጣ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ በቤታ ስትወስድ ቋሚ ሆኖ መቆየት ያለበት ጋማ ነው፤ ኬሚካል ፖቴንሺያሉን ቋሚ አድርገኸው ይሆናል።